ላይ ቤት፣ ታች ቤት

“ቀስ! ቀስ በይ እንጂ! ይሄ ዝናብ ነው ወይስ ቧንቧ ፈንድቶ ነው?” አሉ እማማ፣ የታጠበ ሳህን እንደያዙ በረንዳው ላይ ብቅ ብለው።

“ዝናብ ነው። መምህራችን ‘በእኩል አርከፍክፉት’ ነው ያለን” አለች ቀጮ፣ ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፍ አድርጋ እየጨመቀች።

የልጅ ልጃቸው ናት። በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምራ እንደ ክር ቀጥና ስላደገች ቀጮ ተብላ ቀርታለች። ሰሞኑን የጂኦግራፊ መምህሯ “የምትኖሩበትን አካባቢ በጭቃ ሠርታችሁ አምጡ” ስላለ ቤቱ የሕንፃ ሥራ የሚካሄድበት መስሏል። አሮጌ የቁም ሣጥን በር በረንዳው ላይ ተጋድሟል። በላዩ ላይ በተነከረ ጋዜጣ የተቦካ አፈር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያዘቀዝቃል። ላይ አስፋልቱ፣ ታች ወንዙ። በመካከሉ ከካርቶን የተቆረጡ የግቢ አጥሮች፣ ከክብሪት ቀፎ የተሠሩ ቤቶች። በአንደኛው ጥግ ሰሜንን የምታሳይ ቀይ ቀስት ተሰክታለች። ስኬልም አለው፤ አንድ ስንዝር ማለት ከግቢያቸው በር እስከ ኪዮስኩ ነው።

እማማ ሊገቡ ዞር ሲሉ ነው ያዩት። ከላይ የወረደው ውሃ የእነሱን ግቢ ከላይኛው ጎረቤት በሚለየው ካርቶን ሥር ተጠራቀመ። መሄጃ አላገኘም። ካርቶኑ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ሆዱ ተነፋ፣ ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ ተጎንብሶ አንዲት የክብሪት ቀፎ ላይ ተኛ።

“ይቺ ምንድን ናት?” አሉ በሳህኑ ጠርዝ እያመለከቱ።

“የቷ? እሷማ… የልጆች ክፍል ናት።”

“ድቡሽ የተኛበት?”

“አዎ፣ ግን እማማ፣ ይሄ እኮ ሞዴል…”

አልሰሟትም። ሳህኑን ወንበር ላይ ትተው ገብተዋል። ድቡሽ፣ ገና ቆሞ መሄድ የጀመረው የቀጮ ወንድም፣ ራሱን ከላይኛው ጎረቤት ወደሚለያቸው ግንብ አድርጎ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ብድግ አድርገው ሲያቅፉት እንኳ አልነቃም። ሳሎን ወስደው ሶፋው ላይ አስተኙት። እንዳይወድቅ ትራስ ደገፉለት፤ ትራሱ አፍንጫውን ያፍነው ይሆናል ብለው መልሰው አነሱት፤ ከዚያ ወንበር አስጠጉለት፤ ወንበሩንም ነቅነቅ አድርገው ፈተሹት።

“ካርቶን ስለወደቀ ልጁን ከአልጋው አነሳሽው?” አለች ቀጮ በሩ ላይ ቆማ፣ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ።

“ካርቶኑ ለምን ወደቀ?”

“ስለረጠበ ነዋ። ደግሞ ቁልቁለቱን አጋንኜዋለሁ። ከፍታውን በትክክለኛው ስኬል ከሠራችሁት ሰፈራችሁ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ይልና ምንም አይታይም ተብለናል።”

“እንግዲያው ውሸት ነው።”

“ውሸት አይደለም፣ ማጋነን ነው።”

“አባትሽም ስለ ድሮ እግር ኳሱ ሲያወራ እንደዚሁ ነው የሚለው” አሉ እማማ፤ ግን አልሳቁም። “ውሃውንስ? ውሃውንም አጋንነሽዋል?”

ቀጮ ጠርሙሱን አየችው። “ውሃውማ ያው ውሃ ነው” አለች፣ ከበፊቱ ቀስ ብላ።

እማማ በጓሮ በኩል ዞሩ። በልጆቹ ክፍልና በግንቡ መካከል ያለችው መተላለፊያ ሰው ወደ ጎን ሆኖ ካልሆነ አታሳልፍም። መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነው። ከጉልበት በታች እርጥብ ነው። ራቅ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱት። ያ ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረ ግንብ መሐሉ ላይ ወደ እነሱ ገፍቷል፤ ብዙ አይደለም፣ ጥጋብ እንደጀመረው ሰው ሆድ ያህል ነው። ትናንትም እንዲህ ነበር? ባለፈው ወርስ? በየቀኑ የሚያልፉበትን ነገር ሰው መቼ ያየዋል!

ከግንቡ ሥር በሲሚንቶ የተለሰነ ክብ ነገር አለ። ቀዳዳው የነበረበት ነው።

ይህ መንገድ ቁልቁል የሚወርድ ነው፤ ግቢዎቹም እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ በታች ተቀምጠዋል። ቀድሞ እያንዳንዱ ግንብ ከሥሩ ቀዳዳ ነበረው። የላይኛው ቤት የዝናብ ውሃ በዚያ ይገባል፣ የግቢውን ጠርዝ ይዞ ይወርዳል፣ በታችኛው ግንብ ቀዳዳ ይወጣል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ወንዝ ይደርሳል። ባለፈው ክረምት ድቡሽ እየዳኸ ሄዶ ከላይኛው ጎረቤታቸው፣ ከልብስ ሰፊው፣ ግቢ በውሃ የመጣ ቁራጭ ጨርቅ አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተ። ሆዱን ታሞ ሰነበተ። እማማ በእነዚያ ቀናት እህል አልቀመሱም። ልጁ ከዳነ በኋላም ዕረፍት አጡ። “ወይ ቀዳዳው ይደፈን፣ ወይ እኔ ወደ እህቴ ቤት ልሂድ” ብለው ልጃቸውን፣ የቀጮን አባት፣ ፋታ ነሱት። ደፈነው። ልብስ ሰፊው መጥቶ “የላክሁባችሁ ጨርቅ ነው እንጂ መርዝ አይደለም” አለ፤ የእማማ ልጅም የማይባል ነገር መለሰለት። ይህን ያየች የታችኛዋ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ “እንግዲያው እኔስ የእናንተን ውሃ በምን ዕዳዬ!” ብላ ከላይ የሚገባበትንም በጓሮዋ ወደ ወንዝ የሚወጣበትንም ደፈነች። በበጋው መንገዱ በሙሉ ተከተለ። እያንዳንዱ ግቢ ደረቅና ንጹሕ ሆነ፤ የራሱ ብቻ ሆነ። እማማም ደስ ብሏቸው ከርመው ነበር።

በግቢው በላይኛው በኩል ደመናው ጠቁሯል። እማማ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ልጃቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ተራ ይዞ ቆሞ ሲሆን ብቻ ያነሳል። አነሳ።

“እማዬ፣ ደግሞ ዛሬ ምን ታየሽ?”

“ግንቡ ሆድ አውጥቷል።”

“ግንብ ሆድ የለውም።”

“ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ቀዳዳውን ካልከፈትነው ዛሬ ዝናቡ…”

“እማዬ፣ በፈጠረሽ! ባለፈው ትራንስፎርመሩ ሊፈነዳ ነው ብለሽ ከሥራ አስወጣሽኝ። ከዚያ በፊት ዛፉ ሊወድቅ ነው አልሽ።”

“ዛፉ ወድቋል!”

“ከስንት ዓመት በኋላ! ሁሉም ነገር ቆይቶ ይወድቃል እኮ።” ከኋላው ተሳፋሪ ሲጮህ ይሰማል። “ስሚኝ፤ ያን ቀዳዳ አስደፍኚ ብዬሽ ነበር? አንቺ ነሽ ያለቀስሽው። አሁን ሄጄ ለዚያ ሰውዬ ‘ተሳስቻለሁ’ ልበለው? አልልም። ማታ ስገባ አየዋለሁ።”

“ማታማ…” ሲሉ ተዘጋ።

ቀጥለው ወደ ምራታቸው ደወሉ። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ምድጃ ፊት ስትሆን ስልኳን አትይዝም። ጠራ፣ ጠራና ቆመ።

እማማ ተቀመጡ፣ ተነሱ። ድቡሽን ሄደው አዩት። ደመናውን ሄደው አዩት። የልጆቹን ፍራሽ ከአልጋው ላይ ጎትተው ሳሎን አመጡት፤ ከዚያ ግንቡ ከወደቀ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን ጣሪያውንም ይዞ ነው ብለው ፍራሹን እስከ በረንዳው በር ገፉት። ወገባቸው ጮኸ።

ከግንቡ ማዶ የልብስ መስፊያ መኪና ድምፅ ይሰማል። እማማ ባልዲ ገልብጠው ሊወጡበት ሲሉ ቀጮ ቀድማ ያዘቻቸው።

“ትወድቂያለሽ! ከዚሁ ሆነሽ ጥሪው። ከዚህ እስከሱ አንድ ክንድ እኮ ነው።”

“አንተ ሰፊው! ኧረ ሰፊው!”

መኪናው ቆመ። “ማነው? እማማ ነዎት? ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?”

“ፀሐይ የታለችና! እስቲ ግንቡን በአንተ በኩል እየው።”

“ምኑን ልየው፣ አብሬው አይደል የምውለው! ባለፈው ያቺ ጠብ ጠብ ያለች ቀን እንኳ ውሃው እዚሁ ኩሬ ሠርቶ ዋለ። መኪናዬን በጡብ ከፍ አድርጌ ነው የምሰፋው። ዳክዬ ልግዛ እያልኩ ነው።”

“በል እንግዲያው መዶሻ አንሳና ያንን ድፍን ምታው።”

ሰፊው ሲስቅ ተሰማ፤ ደስ ብሎት የሚስቅ አልመሰለም። “እኔ? እማማ፣ እኔ እርስዎን አከብራለሁ። ልጅዎ ግን ‘እጅህን ግንቤ ላይ ባየው’ ብሎኛል፣ ሰው ፊት። ከቤታችሁ አንድ ሰው መጥቶ እዚህ አጠገቤ ቆሞ ‘ምታ’ ካላለኝ መዶሻ አላነሳም። በግንብ ላይ የመጣ ድምፅ ለኔ ምስክር አይሆንም። ደግሞስ ብከፍተው ውሃው እናንተ ግቢ ገብቶ ወዴት ሊሄድ ነው? ነገ ደግሞ ‘ቤታችንን አጠለቅህ’ ልባል?”

እማማ ወደ በረንዳው ተመለሱ። ወዴት ሊሄድ ነው?

ቀጮ በረንዳው ላይ ተንበርክካ ካርቶኑን በፕላስተር ጠግና አቁማለች። እማማ ከአጠገቧ ዝቅ አሉ፤ ጉልበታቸው አጉረመረመባቸው። ራሳቸውም እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀረቻቸው ጂኦግራፊ ፊትን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ እጅን መዘርጋት ናት፤ ቀኝ ደቡብ፣ ግራ ሰሜን።

“ቀዳዳዋን ክፈቻት እስቲ” አሉ።

ቀጮ የላይኛውን ካርቶን በእርሳስ በሳችው። አርከፈከፈች። ውሃው ሾልኮ ገባ፣ የእነሱን ግቢ ሞላ፣ በነርሷ አጥር ላይ ተደገፈና ቆመ። ማድ ቤታቸው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ።

“ይሄውልሽ! ሰፊው ያለው ደረሰ!” አሉ እማማ ጭናቸውን መትተው።

“ቆይ፣ የነርሷንም ልብሳው።” በሳችው። ውሃው አንድ ደረጃ ወርዶ የነርሷ ግቢ ውስጥ ቆመ። የሚቀጥለው ወንዝ ዳር ያለው የመጨረሻው አጥር ነው። “አየሽ እማማ፣ መምህራችን እንዲህ ነው የሚለው፤ አንድን ቦታ ለብቻው አታጥኑት፣ ከላይ ምን እንደሚመጣበትና ወደ ታች ምን እንደሚልክ አብራችሁ እዩ ይላል። አንጻራዊ መገኛ ይባላል። እኛ ማን ነን? ከሰፊው በታች፣ ከነርሷ በላይ።”

“እሱን ለማወቅ ትምህርት ቤት ድረስ ምን አስኬደሽ! እኔስ ስንት ዓመት ‘ላይ ቤት፣ ታች ቤት’ ስል አልኖርኩም?”

“ላይና ታች አቅጣጫ አይደሉም ይላል መምህሩ። ሰሜንና ደቡብ በሉ ነው የሚለን።”

“ይሁን፣ ለእሱ ይመቸው። ውሃው ግን ሰሜንን አያውቅም።” እማማ የመጨረሻውን ካርቶን በጣታቸው ነኩ። “ይቺስ?”

“እሷም የነርሷ ናት። የጓሮ አጥሯ። ከሷ በኋላ ወንዝ ነው።” ቀጮ እርሳሱን ከመስካቷ በፊት ቀና አለች። ዓይኗ በራ። “እማማ! በተቃራኒው ነው መደረግ ያለበት። ከላይ ከጀመርን ሁሉንም ተራ በተራ እናጠልቃለን። መጀመሪያ የነርሷ ጓሮ፣ ከዚያ የኛና የነርሷ፣ መጨረሻ ላይ ሰፊው።”

ሦስቱንም ከታች ወደ ላይ በሳቻቸው። ውሃው ያለ ምንም ጭቅጭቅ ወረደ። በእያንዳንዱ ግቢ ጠርዝ ትንሽ መስመር ብቻ ትቶ ከሣጥኑ በር ላይ በረንዳው ወለል ላይ ተንጠባጠበ።

ወዲያው የበረንዳው ቆርቆሮ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ሌላም ጠብ አለ። ሁለቱም ወደ ላይ ቀና አሉ።

ነርሷ። እማማ ስሟን በልባቸው ሲጠሩት እንኳ ፊታቸው ይኮሳተር ነበር። የተኳረፉት በውሃ አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ቀጮን እንደልማዳቸው እስከ ትምህርት ቤት በር ለማድረስ ሲወጡ፣ ነርሷ ደጇ ላይ ቆማ “ይህችን የምታህል ልጃገረድ እጇን ይዘሽ የምትሄጂው እስከ ሠርጓ ድረስ ነው?” አለቻቸው፤ ቀጮም ሳቀች። እማማን ያቆሰላቸው የልጅቷ ሳቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው አንገት ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ሆነ፤ የስልክ ቁጥሯም እንኳ የላቸውም።

ዝናቡ ጠነከረ። እማማ በመስኮቱ በኩል መተላለፊያዋን አዩ። ከግንቡ ድንጋዮች መጋጠሚያ ቀጭን ቡናማ ውሃ መውረድ ጀምሯል፤ አንድ ቦታ አይደለም፣ ብዙ ቦታ። ትንሽ ጠጠር ከመሐሉ ወጥታ ስትወድቅ አዩ።

“እዚያ ጋ ማንም እንዳይጠጋ! ሰማሽ?” ብለው ጮኹ፣ ቀጮ ከጎናቸው ቆማ እያለ።

“ሰማሁ። እማማ፣ እኔ ወደ ነርሷ ልሂድ፣ ታች ስለሆነ ቅርብ ነው። አንቺ እዚሁ ከድቡሽ ጋር…”

“እሷ ለልጅ ብላ ግንብ አታፈርስም። ራሴ ነኝ ልለምናት የሚገባኝ።”

“ሰፊው ጋስ? የቤቱ ሰው አጠገቤ ካልቆመ ብሏል እኮ።”

ይህን ነበር እማማ ማሰብ ያልፈለጉት። ሰፊው በግንብ አንድ ክንድ ነው፤ በእግር ግን በሩ የሚከፈተው በላይኛው መንገድ ነው። እስከ ኪዮስኩ መውጣት፣ አስፋልቱን ይዞ ዞሮ መሄድ፣ መኪና የሚበርበትን መታጠፊያ መሻገር፣ ከዚያ በጠባቡ መግባት አለ። ጎርፉ አስፋልቱን ሳይሞላው አይቀርም። ቀጮ ያን መታጠፊያ ብቻዋን ተሻግራ አታውቅም፤ ማለት፣ እማማ እስከሚያውቁት ድረስ።

መጀመሪያ አብረው ወደ ላይ ሄደው፣ ከዚያ አብረው ወደ ታች ሊወርዱ አሰቡ። እግራቸውን አዩት። ግንቡን አዩት። ልጃቸው ጋ ደወሉ፤ አልተነሳም። ዳቦ ቤት ደወሉ፤ ጠራና ቆመ። ስልኩን እንደያዙ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሱበት። ድቡሽ ነቅቶ ቁጭ ብሎ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካቸው በሚል ዓይን ይከተላቸዋል።

“እማማ፣ ቆይተን ከሄድን ሞዴሉ ላይ ያየነው ይሆናል” አለች ቀጮ። አላጋነነችም፤ ድምፅዋ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብሎ ነበር።

እማማ ነጠላ ጎትተው ድቡሽን በጀርባቸው አዘሉት፤ ላዩ ላይ የልጃቸውን የዝናብ ኮት ደረቡ። ከበሩ ኋላ የቆመውን ዲጂኖ አንስተው መዘኑት፤ ለነርሷ ግንብ እሱ ይበቃል።

“ስሚኝ” አሉ ግቢው በር ላይ፣ ዝናቡ ፊታቸውን እየመታው። “ሰፊውን ‘እማማ ምታ ብለዋል፣ እኔ የቤቱ ሰው ነኝ’ በይው። አባትሽ ከተቆጣ ከኔ ጋር ይጨርስ። ግን ስልክ እስኪደወል እንዳትነኩት። ታች ሁለቱም ሲከፈት ወደ ሰፊው ስልክ እደውላለሁ። እሱም በራሱ በኩል ሆኖ ይምታ፣ አንቺ ከኋላው ቁሚ፤ ወደኛ ጓሮ እንዳትመጪ። ምን አልኩሽ?”

“ስልክ እስኪደወል አይነካም። ከላይ በኩል ሆኖ ይመታል። እኔ የቤቱ ሰው ነኝ።”

“አዎ።”

ቀጮ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ጥቂት ራመድ አለችና ዞራ ቆመች። ስለ መታጠፊያው፣ ስለ መኪናው፣ ስለሚያንሸራትተው ድንጋይ፣ ስለ መብረቁ፣ ስለማታውቀው ሰው የሚመጣውን ምክር ጠበቀች። ሁሉም እማማ ጉሮሮ ላይ ደርሶ ተሰልፏል።

“ሩጪ!” አሏት።

ከዚያ ልጅቷ የት እንደደረሰች ለማየት ዞር ሳይሉ፣ ዲጂኖውን እንደ ምርኩዝ እየተከሉ ወደ ነርሷ በር ቁልቁል ወረዱ።